ከደሴቱ እስከ እኛ ዳርቻ

ኅዳር 4

ሁለት ወለዱ ዛሬ። ሁለቱም በሰላም። የማዋለጃ ክፍሉ ቧንቧ አሁንም ያንጠባጥባል... ጨርቅ አስሬበት ወጣሁ።

ከሰዓት በኋላ ከጤና ጣቢያው ፊት ለፊት ያለው ፀጉር አስተካካይ ብቅ አለ። መቀሱን ደረት ኪሱ ውስጥ እንደሰካ።

«ሲስተር፣ ልጅ ሆነሽ ዓሣ ነበርሽ አሉ።»

«ማን አለ?»

«እናትሽ።»

«እማዬ ዓሣ አትልም። እንቁራሪት ብላ ይሆናል።»

ሳቀ። ከዚያ ነገሩን አፈረጠው። ከደሴቱ እስከ እኛ ዳርቻ በዋና! በቅብብሎሽ። እሱ፣ የጂኦግራፊው መምህር፣ እና... እኔ? የከተማው ሰው ቃል ይገባል፣ ከደረስን ይከፍላል። በተሰበሰበው የሞተር ጀልባ ይገዛል። ምጥ የያዛቸውን የደሴቱን ሴቶች የሚያመጣ ጀልባ። አሁን የሚመጡት በመቅዘፊያ ነው። ነፋስ ከተነሳማ አያድርስ ነው።

«ለይቶልሃል» አልኩት።

«ለይቶልኛል። ትመጫለሽ?»

አርባ ዓመት ያለፈኝ ሴት... ደግሞስ ምን ለብሼ ነው የምዋኘው?

ኅዳር 6

ለእማዬ ነገርኳት። ምስር እየለቀመች ነበር። ቀና ሳትል፣ «ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» አለች። እስከ ማታ አኩርፋ ዋለች።

ኅዳር 11

ሐይቁ ውስጥ ገባሁ።

ገና ሳይነጋጋ፣ ሰው ሳያየኝ። ብርዱ ትንፋሼን ቀጥ አደረገው። ልወጣ ስል ክንዴ በራሱ ጀመረ... ከአባቴ ሞት በኋላ አንድ ቀን እንኳ ገብቼ አላውቅም። ማን አስታወሰው? እኔ አይደለሁም። አባቴ ነበር ያስተማረኝ፣ ሆዴን በመዳፉ ደግፎ። «አትታገዪው፤ ተደገፊው» ይለኝ ነበር።

ስወጣ ደስ አለኝ ልበል? ፈራሁ ልበል? ሁለቱም።

ኅዳር 20

ሦስታችንም አብረን እንለማመዳለን አሁን። መምህሩ ቀጭን ነው፣ እንደ መቃ። ሲዋኝ ግን ውሃው አይሰማውም። ፀጉር አስተካካዩ ውሃውን እየደበደበ ነው የሚሄደው፣ የተጣላው ይመስል። ሲያርፍም ይቀልዳል። «መምህር፣ አንተን ዓሣ ቢያገኝህ አጥንት ነው ብሎ ይተውሃል።»

መምህሩን ጠየቅኩት፤ መሀሉ ምን ያህል ይጠልቃል?

«ድሮ ገመድ ጥለውበት ነበር ይባላል።»

«እና?»

«ገመዱ አለቀ።»

ባልጠየቅኩ!

ታኅሣሥ 2

ዛሬ ሸምበቆውን አልፈን ወጣን። እስከዚያ ድረስ ከሥሬ አሸዋ ይታየኛል፣ ድንጋይ ይታየኛል። ከዚያ... ምንም። ወለሉ ጠፋ። አረንጓዴ፣ ቀጥሎ ጥቁር። ውሃ ዋጥኩ። ዞሬ እንደ እብድ ወደ ዳር ሮጥኩ፤ በውሃ ላይ መሮጥ ከተቻለ።

ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ስንቀጠቀጥ ፀጉር አስተካካዩ መጣ። እቀራለሁ አልኩት፤ ሌላ ሰው ፈልጉ። እንደሚቀልድብኝ እርግጠኛ ነበርኩ።

«እህቴ በዚህ ውሃ ነው የመጣችው» አለ። «አምና ክረምት፣ ምጥ ይዟት። አንቺ ያኔ ለሥልጠና ሄደሽ ነበር። ከነልጇ... ጀልባው ላይ አረፈች።»

የደሴቱ ልጅ መሆኑን አውቃለሁ። ይህን ግን አላውቅም ነበር። ያን ሁሉ ሳቅ እየሳቀ!

«ቅሪ ብዬ አይደለም፣ ነይ ብዬም አይደለም» አለ። «እንድታውቂው ነው።»

ፎጣዬን አንስቶ ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገልኝ።

ታኅሣሥ 3

ሸምበቆውን አለፍኩ። ዓይኔን ጨፍኜ። ቢሆንም አለፍኩ።

ታኅሣሥ 16

ነገ። ነፋሱ ከፈቀደ።

ታኅሣሥ 18

ትናንት ነበር። ትናንት እጄ ብዕር አልጨብጥ አለኝ።

ከየት ልጀምር...

ጎህ ሲቀድ ደሴቱ ላይ ነበርን። ሴቶቹ ሁሉ ወደ ውሃው ወርደው ቆመዋል። እርጉዞች፣ ያዘሉ፣ ያረጁ። አልጮሁም፣ አላጨበጨቡም። ዝም ብለው ያዩናል።

ደንቡ አንድ ነው። የሚዋኘው፣ ተረኞቹን ይዛ ከጎኑ የምትቀዘፈውን ጀልባ አይነካም። ቀጣዩ ተረኛ ውሃ ውስጥ ገብቶ መዳፉን በመዳፍ ሲመታለት ብቻ ይወጣል። ከዚያ በፊት ጀልባዋን ከነካ አበቃ።

መጀመሪያ ፀጉር አስተካካዩ፣ ቀጥሎ መምህሩ። ከዚያ የመምህሩን መዳፍ መታሁ፣ እኔ ቀረሁ። መሀሉ ላይ! የፈራሁት ቦታ ለእኔ ደረሰኝ።

ዓይኔን ገለጥኩ። ለምን እንደገለጥኩ እንጃ።

ፀሐይዋ ከፍ ብላ ነበር። ጨረሯ በዙሪያዬ እንደ ክር ወደ ታች ይወርዳል፤ ሺህ ክር፣ የወርቅ። ሁሉም ከእኔ ጥላ ሥር አንድ ቦታ ላይ ይገናኛል፣ በጣም ሩቅ፣ ዓይን በማይደርስበት። ስሄድ አብሮኝ ይሄዳል። እኔ... ምን ነበርኩ? አንዲት ጉንዳን። ያ ሁሉ ጨለማ ከሥሬ ተዘርግቶ፣ ያ ሁሉ ውሃ፣ አንዲት ጉንዳን ይሸከማል። ሊውጠኝ ይችል ነበር። ተሸከመኝ። ውሃ ውስጥ ማልቀስ ይቻላል? ይቻላል። ማንም አያይም።

ተራዬ ሲያልቅ አልወጣም ልላቸው ምንም አልቀረኝ።

ከዚያ ነፋሱ ተነሳ። የመምህሩ ሁለተኛ ተራ ላይ። ማዕበሉ ጀልባዋን እንደ ቅርጫት ያላጋታል። ድንገት መምህሩ ቆመ። ባቱ ተሸማቀቀ። ጥርሱን ነክሶ በጀርባው ተንሳፈፈ።

«ያዝ! ጠርዙን ያዝ!» ጮኸ ቀዛፊው። «ይብቃ፣ ሰው አይሙት!»

የጀልባዋ ጠርዝ ከእጁ ስንዝር አይርቅም። መምህሩ እጆቹን ደረቱ ላይ አጣጠፈ። እንዳይነካት! ያንን ቀጭን ሰውዬ እስክሞት አልረሳውም።

ፀጉር አስተካካዩ ገና ከውሃ መውጣቱ ነው፣ ከንፈሩ ጠቁሯል። ሳላስብ ዘለልኩ። የመምህሩን መዳፍ መታሁ። ከዚያ በኋላ ያለው... ማዕበል፣ ጥፊ፣ ውሃ መዋጥ። ዳርቻው አይታይ፣ ደሴቱ አይታይ። የሚሰማኝ ፀጉር አስተካካዩ ብቻ፣ ከጀልባዋ ላይ፣ «አይዞሽ እህቴ! አይዞሽ እህቴ!»

ሲስተር አላለም። እህቴ ነው ያለው።

የመጨረሻውን እሱ ያዘ። አሸዋው ላይ በጉልበቱ ነው የወጣው። ሕዝቡ ግልብጥ ብሎ ወጥቶ ይጮሃል፣ ሊሸከሙት ይጋፋሉ። እሱ ግን ወደ ውሃው ዞረ። እኔና መምህሩ ተደጋግፈን ደረስንበት። ከዳር ብዙም የማይርቅ ቦታ በእጁ አሳየን።

«እዚያ ድረስ መጥታ ነበር» አለ። «ቤቶቹ እየታዩዋት።»

እማዬ ብርድ ልብስ ይዛ እስከ ጉልበቷ ውሃ ውስጥ ቆማለች። ቀሚሷ ረጥቧል። ጠቀለለችኝ፣ ፊቴን በሁለት እጇ ያዘች፣ አየችኝ... እንደ እንግዳ ሰው።

«አንቺ ሰው ነሽ? ወይስ ምንድን ነሽ?»

እኔም አላውቅም፣ እማዬ።

ታኅሣሥ 21

ትከሻዬን ማንሳት አልቻልኩም። እማዬ ፀጉሬን አበጠረችልኝ። ሰዎች ቃላቸውን እየጠበቁ ነው። ቃል ያልገቡትም እየመጡ ነው።

መጋቢት 17

ጀልባው ከመጣ ሳምንቱ ነው። ዛሬ የመጀመሪያው ጥሪ። አብሬ ሄድኩ።

ምጥ የያዛት ገና ለጋ ናት፤ የመጀመሪያ ልጇ ነው። አማቷ ከኋላ ደግፋታለች። መሀሉ ላይ ስንደርስ ምጡ ጠና። እጄን ጨመቀችው፣ አጥንቴ እስኪንቋቋ። ዙሪያውን አየች፤ በየትም በኩል ውሃ ብቻ።

«ሲስተር... ይሄ ውሃ ማለቂያ የለውም?»

«አለው» አልኳት። «በክንዴ ለክቼዋለሁ።»

የምቀልድ መስሏት አየችኝ። አማቷ ግን አልሳቀችም። ጎንበስ ብላ ጆሮዋ ላይ የሆነ ነገር ነገረቻት። ልጅቷ እንደገና አየችኝ፣ አሁን በሌላ ዓይን። እጄን አልለቀቀችም፣ እኔም አልለቀቅኳትም። ሞተሩ ያጓራል፣ ውሃው ለሁለት እየተከፈለ ያሳልፈናል።

በሰዓቱ ደረስን። ሴት ልጅ። ወፍራም፣ ተቆጪ፣ ጡጫዋን የጨበጠች። ስንቴ አዋልጄ... ዛሬ ግን ዝም ብዬ አየኋት። ይህች ቅድም የለችም ነበር። አሁን አለች።

በሩን ስከፍት ፀጉር አስተካካዩ ቆሟል። ደንበኛውን በግማሽ ጢም ጥሎ ነው የመጣው፤ ሰውየው ከማዶ ሳሙናው ፊቱ ላይ እንዳለ ይጮሃል።

«አለቀሰች?» አለኝ።

«አለቀሰች።»

ራሱን ነቀነቀ። ቀልድ ጠበቅኩ። አልመጣም። መቀሱን ከኪሱ አውጥቶ፣ መልሶ ከተተው፣ መንገዱን ተሻገረ።