ባዶው አንገትጌ

ኬዥማሮክ፣ ሐሙስ ጃንዋሪ 17 ቀን 2019

ውድ ቬንዴሊን፣

«ውድ» ያልኩህ እጄ ስለለመደ ነው፤ ብዙ አትኩራራበት። እንደምን ከርመሃል? እኛ ደህና ነን። የአባትህ ጉልበት ያው ነው፤ ምላሳቸው ግን እንኳን ሊደክም ብሶበታል። ምድጃውን አስጠገንኩት። ቴርካ በዚህ ክረምት ብቻ ይህን ያህል አድጋ የባለፈው ዓመት ጫማዋ አልገባ ብሏታል፤ አሁን ጎን ለጎን ስንቆም እኔን ቁልቁል ማየት ጀምራለች።

በስልክ ያልነገርኩህ ቤታችን ጠባብ ስለሆነ ነው፤ ያቺ ልጅ ደግሞ ከግድግዳ ጀርባ ሹክሹክታ ትሰማለች። አንተም ብትሆን ወሬው ከበድ ሲል ባትሪህ ያልቃል። ወረቀት ባትሪ የለውም፤ ቁጭ ብለህ እስከ መጨረሻው ታነበዋለህ። እሽጉን ግን ደብዳቤውን ሳትጨርስ እንዳትከፍተው።

ነገሩ የጀመረው ከገና በኋላ ነው። የቴርካን የበረዶ ሆኪ ልብስ ላጥብ ብዬ ቦርሳዋን ዘረገፍኩት። ያንን ዳኞቹ ያላደረገ ልጅ አይገባም የሚሉትን ጥቁር የአንገት መከላከያ ሳነሣው እጄ ላይ ቀለለኝ። ጨመቅ ባደርገው እንደ ካልሲ ተጣጠፈ። ገልብጬ አየሁት፤ ስፌቱ በምላጭ ተተርትሮ እንደገና ተሰፍቷል፤ ያውም አምሮ። ውስጡ የነበረው ጠንካራ ስፖንጅ የለም። ልጄ በረዶው ላይ ግብ የምትጠብቀው አንገቷ ላይ ባዶ ጨርቅ አስራ ነው! ዳኛው ጥቁር ነገር ያያል፣ ይለፍ ይላል።

ጠራኋት።

«ሆዱ የት ሄደ?»

«የምን ሆድ?»

«የዚህ አንገትጌ ሆድ!»

«ያንቀኛል እማዬ። ጎንበስ ስል አገጬን ወደ ላይ ይገፋኛል። ደግሞ ሁሉም ነው የሚያወጣው።»

«ሁሉም ማን ነው?»

ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ፣ «አባዬም ያወጣ ነበር። ራሱ ነው የነገረኝ» አለችኝ።

ወይ አንተ ሰውዬ! ያንን ወሬ ስንት ጊዜ ነው እራት ላይ ያወራኸው! ልጅ ሳለህ ስፖንጁን አውጥተህ በምትኩ የእናትህን የሱፍ ካልሲ ጠቅጥቀህ፣ ዳኛው በጣቱ ጫን አድርጎ «ጎበዝ!» እንዳለህ። እኛም እንስቅ ነበር። እኔም ስቄአለሁ፤ አልክድም። እሷ ግን እዚያው እግራችን ሥር ቁጭ ብላ ትማር ነበር።

ከአልጋዋ በላይ የሰቀለችውን ፎቶህን ታውቀዋለህ። ግቡ ፊት አገጭህን ቀና አድርገህ ቆመሃል፤ ከማስኩ እስከ ደረትህ ያለው ቦታ ራቁቱን ነው። በጣቷ እያሳየችኝ፣ «ይኸው፣ ምንም አላደረገም። ይሄን ሁሉ ዓመት ቆሞ ምን ሆነ?» አለችኝ። ዕድለኛ ነው ልበላት? ደሜ ፈላና፣ አዲስ ሳይገዛልሽ በረዶ የሚባል ነገር አትረግጪም አልኳት። እሷም ጮኸች፣ እኔም ጮህኩ።

አባትህ ዱላቸውን እያንኳኩ ከላይ ወረዱ። «አንቺ ዝም በይ» አሏት። ወደ እኔ ዞረው ደግሞ፣ «አንቺም አትጩሂ ልጄ። ያንቀኛል ያለችው እውነቷን ነው» አሉ። እኔ የገዛሁት ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ዕድሜ አይቼ ነው፤ ስትለካውም መስታወት ፊት ቀጥ ብላ ቆማ ነው። «ግብ ጠባቂ መቼ ቀጥ ብሎ ይጫወታል? ቀጥ ብላ ብትቆም ኖሮ ቲያትር ቤት ነበር የምንልካት» አሉኝ።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ሦስታችን ፖፕራድ ከተማ የስፖርት ዕቃ ሱቅ ሄድን። አባትህ የደረት መከላከያዋንም ማስኳንም ካልያዝን አንሄድም ብለው ያንን የሚያህል ቦርሳ አሸከሙኝ። የሱቁ ልጅ ሲያየን፣ «እናቴ፣ ቤት እየለቀቃችሁ ነው እንዴ?» አለኝ። አባትህ እሱን ከቁም ነገርም አልቆጠሩት። ቴርካን ሙሉ ትጥቅ አልብሰው፣ ሱቁ መሀል ጉልበቷን አጥፋ እንደ ጨዋታ እንድትቆም አደረጓት። ሰው ቆሞ ያያል፤ እሷ ፊቷ ቲማቲም መስሏል።

የመጀመሪያው አንገትጌ ጎንበስ ስትል ወደ ጆሮዋ ወጣ። ሁለተኛው ልኳ ነበር፣ ግን ፊት ለፊቱ ደርቆ እንደ ድሮው አገጯን ገፋት። ሦስተኛው ጥሩ ሆነ፤ አገጭ የሚነካው ጠርዝ ለስላሳ ነው፣ ጨርቁ ስለት አይበሳውም፣ ከታች ደግሞ ሰፋ ብሎ የሚወርድ ክፍል ስላለው ከደረት መከላከያው ሥር ይገባል። ስለዚህ አይሸሽም። አባትህ ከኋላዋ ሆነው አንድ ጣታቸውን በአንገቷና በጨርቁ መሀል አስገቡ። አንድ ጣት በደንብ ካለፈ አያንቅም፤ ሁለት ካለፈ ግን ሰፍቷል ማለት ነው አሉኝ። ከዚያ አሽከረከሯት፣ አስነሧት፣ አስቀመጧት፣ ቀና ብለሽ ጣራውን እዪ አሏት። የሱቁ ልጅም በኋላ ቀልዱን ትቶ ያይ ጀመር።

«ይሄ ከበረዶ ጫማ ስለት ይጠብቃል» አሉ። «በዱላ ለሚመታው ዲስክ ደግሞ ሌላ አለ።» ያንን ከማስኩ አገጭ ላይ በክር የሚንጠለጠለውን ወፍራም ብርሃን አሳላፊ ፕላስቲክ ከግድግዳው አወረዱ።

እዚህ ላይ ነው የፈነዳችው። «በጭራሽ! አያቴ፣ ይሄን እኮ የሚያንጠለጥሉት ሽማግሌዎች ናቸው! የፍየል ጢም ነው የሚመስለው!»

«እኔም ስጫወት አንጠልጥዬዋለሁ፤ ፍየል ነኝ» አሉ አባትህ። «ጉሮሮዬ ግን ይኸው እስከ ዛሬ ይጮኻል።»

ሰዉ ሁሉ ሳቀ፤ እሷ አልሳቀችም። አንገትጌውን እሺ አለች፣ ፕላስቲኩን ግን ጆሮ ዳባ ልበስ። ገዝተን መጣን፤ እሷም የመኝታ ቤቷ በር እጀታ ላይ ሰቀለችው። «አባዬ ሲያደርግ አደርጋለሁ» አለች። ግግም አለች፤ ግትርነቷን ከየት እንዳመጣችው አትጠይቀኝ።

እንግዲህ የምነግርህ ነገር ይኼ ነው። የጎመን ሾርባውን እያማሰልኩ፣ ፊቴን ሳላዞር፣ «አባትሽ እኮ ማድረግ ጀምሯል» አልኳት።

«ምን?»

«ማክሰኞ ስንነጋገር ነገረኝ። ከአዲሱ ዓመት ወዲህ ሁለቱንም ያደርጋል። አንገትጌውንም፣ የሚንጠለጠለውንም።»

«እውነትሽን ነው?»

«እውነቴን ነው።»

ልጅቷ ትክ ብላ አየችኝ። ከዚያ ወደ አያቷ ዞረች። አባትህ ሳህናቸው ላይ አጎንብሰው ያንን የሚያህል ዳቦ ጎረሱ፤ አፋቸው ሞልቶ እንዴት ይመስክሩ? ተነሥታ ሄደች። ስትመለስ ማስኳን በአንድ እጇ፣ ፕላስቲኩን በሌላው ይዛ፣ «አያቴ፣ እሰሩልኝ» አለች።

መጀመሪያ ክሩን አስረዘምነው። ጎንበስ ስትል የፕላስቲኩ ጫፍ ደረቷን እየመታ ማስኩን ወደ ላይ ገፋና ዓይኗን ሸፈነው። ስናሳጥረው ደግሞ ቀና ባለች ቁጥር የጉሮሮዋ ጉድጓድ ብቅ ይላል። ወጥ ቤት ወለል ላይ በሙሉ ትጥቅ አቁመናት፣ አባትህ በርጩማ ላይ ተቀምጠው የተጠቀለለ ካልሲ ከላይ ይወረውሩላታል፤ እሷ ቀና ብላ ስትይዝ እኔ ከሥር ሆኜ ጉሮሮዋን አያለሁ። ስንፈታ ስናስር አመሸን። መጨረሻ ላይ ልኩ ሲገኝ፣ ፕላስቲኩ እንዳይገለበጥ አባትህ በግራም በቀኝም ሁለት ሁለት ቋጠሮ አሰሩበት።

ቀጭ ቀጭ ይላል፣ በፕላስተር ከማስኩ ጋር ላጣብቀው ስትል አያቷ እጇን መቷት። «መወዛወዙ ነው የሚያድንሽ። ካጣበቅሽው ምቱን ተቀብሎ ላንቺው ያስረክባል።» እኔም ማስኩን በሚነካበት በኩል ትንሽ ስፖንጅ ለጠፍኩበትና ጩኸቱ ጠፋ። አንተም እንዲሁ አድርገው።

አሁን ወደ ባለፈው ቅዳሜ ልምጣ። ከስፒሽስካ ከተማ ልጆች ጋር ነበር ጨዋታው። በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ አንድ ትልቅ ልጅ ዲስኩን ከቅርብ መታው፤ የአንዱን ዱላ ነክቶ ወደ ላይ ተነሣ። ጉሮሮዋ ላይ ሲያርፍ ድምፁን ከተቀመጥኩበት ሰማሁት። ቴርካ በጉልበቷ ወደቀች። ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩ፣ በረዶው ላይ በተራ ጫማ እንዴት እንደሮጥኩ አላውቅም። አሰልጣኙ ማስኳን አውልቆላታል፤ ትስላለች። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝና፣ «እማዬ፣ ውጪ! ታሳፍሪኛለሽ!» አለችኝ።

ድምፅዋን ስሰማ እዚያው በረዶው ላይ ተቀመጥኩ። ሐኪሙ በደንብ አይቷታል፤ አንገቷ ላይ ትንሽ መቅላት እንጂ ምንም የለም። ፕላስቲኩ ግን ከክሩ ቀዳዳ እስከ ጠርዙ ተሰንጥቋል። የተሰነጠቀ ደግሞ ሁለተኛ አያገለግልም፤ አባትህ በማግስቱ አዲስ አሰሩላት።

ከዳነች ምን ቀረ ትል ይሆናል። ልጅህን አታውቃትም። መኪና ውስጥ ያወራችው ስላንተ ብቻ ነው። «የአባዬስ ስንት ጊዜ ተመታ? እሱም የሚያስርለት ሰው አለ?» ለእኔ ብላ አይደለም የምታደርገው፣ ለራሷም ብላ አይደለም። አባዬ ያደርጋል ብላ ነው። የሚመጣው ሳምንት ቅዳሜ፣ ጃንዋሪ 26፣ ጨዋታችሁ በኢንተርኔት እንደሚተላለፍ ራሷ ፈልጋ አግኝታለች። ሁለት የቡድኗን ልጆች እራት ጠርታለች፤ አባቴን ላሳያችሁ ብላ። አንተ በረዶው ላይ ስትወጣ መጀመሪያ የምታየው አንገትህን ነው።

ራቁቱን ካየችው የሚሆነውን አስበው። ስፖንጁን ያወጣችበት ምላጭ አሁንም መሳቢያዋ ውስጥ ነው። ሌላም አለ። እናቴ ዋሽታኛለች ካለች፣ ከዚያ ወዲያ ስላንተ የምነግራትን ምንም አታምነኝም። ስላንተ ደግሞ ብዙ ነገር ነው የምነግራት። በየስልኩ ስለ እሷ እንደምትጠይቅ፣ ልደቷን ያለማንም አስታዋሽ እንዳስታወስክ፣ ለአንድ የውድድር ዘመን ብለህ የሄድክበት ይኸው ሦስተኛው ቢሆንም በጸደይ ጠቅልለህ እንደምትመጣ። እነዚያን እውነት አድርጋቸው ብዬ አልለምንህም። የምለምንህ የአንገቱን ብቻ ነው።

አሁን እሽጉን ክፈተው። አንገትጌና ፕላስቲክ አለ፤ ክሩን አስሬ ነው የላክሁት። እንዳትፈታው። ልኩን ከየት አመጣሽው ብትል፣ ከአገጭህ እስከ ጉሮሮህ ጉድጓድ አራት ጣቴ ነው፤ እጄ አልረሳውም። አንገትጌው ከጠበበህ ወፍረሃል ማለት ነው፤ ለዚህ እኔን እንዳትወቅስ። የምትለካው ደግሞ የደረት መከላከያህን ለብሰህ፣ ማስክህን አጥልቀህ፣ ጎንበስ ብለህ ነው፤ መስታወት ፊት ተገትረህ እንዳይሆን። ፖስታ ቤት መስኮት ላይ የምቀመጠው እኔ ነኝ፤ እሽጉ እስከ መጪው ሐሙስ እጅህ ይገባል። አልደረሰኝም ብትል አልሰማህም።

ጉሮሮህን እግዜር ይጠብቅልህ፣ ጉልበትህንም አይንሣህ። አባትህ ሳቅ እያሉ «ጤና ይስጠው» ብለውሃል፤ ከሳቃቸው ኋላ ያለውን አንተው ታውቀዋለህ።

ኦቲሊያ

ይህን ጽፌ እሽጉን ልዘጋ ስል ቴርካ ደርሳብኝ፣ የተሰነጠቀውን ፕላስቲኳን ለአባዬ ላኪልኝ ብላ አስገባችው። በጥቁር ቀለም ጽፋበታለች፦ «አባዬ፣ የኔ አንዴ ተመታ። ያንተስ?» ምን ብለህ እንደምትመልስላት እኔ አልነግርህም። ቅዳሜ ማታ ግን ከእሷ ጎን ቁጭ ብዬ አብሬ አያለሁ።