እየሄዳችሁ ጠይቁኝ

ለተከበርሽው የልጅ ልጄ ለሄራን፤

ከሁሉ አስቀድሞ፣ ከእኛ ሲቀላ እስከ አንቺ ድሬዳዋ ያለው ሕዝብ ጸጥ ብሎ እንዲሰማኝ እየጠየቅሁ የሚከተለውን ታላቅ መግለጫ አወጣለሁ፦ ትናንት ጠዋት አያትሽ ኦይታ ካልሲውን ራሱ አጥልቋል። ሁለቱንም። እናትሽ ጌጤ "አባባ ተው፣ እኔ ላድርግልህ" እያለች ስትለምነኝ አሻፈረኝ ብዬ፣ እግሬን በርጩማ ላይ አሳርፌ ጨረስኩት። የግራው ተረከዝ ወደ ላይ ዞሯል፤ እሱ ግን የካልሲው ጥፋት ነው።

አሁን ወደ ሰላምታው ልመለስ። እንደምን ሰንብተሻል የኔ ልጅ? ሙቀቱ እንዴት ይዞሻል? ጉንፋኑስ ለቀቀሽ? በደንብ ትበያለሽ ወይስ አሁንም ቁርሱም ምሳውም ሻይ በዳቦ ነው? አብራሽ የምትኖረው ዕድላዊት አሁንም ታንኮራፋለች? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነን።

ይህን በስልክ ያልነገርኩሽ፣ በስልክ ስንከራከር ሁልጊዜ ስለምታሸንፊኝ ነው። ለእናትሽ "ትምህርቴን አቋርጬ አያቴን ላስታምም እመጣለሁ" ማለትሽን ሰምቻለሁ። ለመመረቅ ጥቂት ወራት ሲቀሩሽ! ስሰማ ሆዴ ባባና አለቀስኩ። ቤት ድረስ እየመጣች እንቅስቃሴ የምታለማምደኝ ባለሙያ፣ ማዕዶት የምትባል ልጅ፣ "ልባቸውን በቀዶ ጥገና የተሠሩ ሰዎች በትንሹም ሆድ ይብሳቸዋል፣ ያልፋል" ብላኛለች። ስለዚህ ሻንጣሽን አስቀምጪና የደረስኩበትን ስሚ።

አዲስ አበባ ሐኪሞቹ የተዘጋውን የልቤን ሥር ትተው፣ ከእግሬ በወሰዱት ሥር ለደሙ ሌላ መንገድ አበጁለት። እኛ ሸማኔዎች ድር ሲበጠስብን ክር ቀጥለን እንደምናልፈው ማለት ነው። ስፌታቸውን በመስታወት አይቼዋለሁ፤ አብሮኝ በሽመና ካረጀው ከጎረቤታችን ከዳምጤ ጥለት ይሻላል። ይህንኑ ብነግረው ሳምንቱን ሙሉ አኮረፈኝ።

ቤት ስገባ ያስቸገረኝ ልቤ ሳይሆን ጠያቂዬ ነው። አገራችንን ታውቂያለሽ፤ የታመመ ይተኛል፣ ጠያቂ ዙሪያውን ይቀመጣል፣ ቅቤ የጠጣ ቆጮ ይመጣል። ማዕዶት በየቀኑ ይራመዱ ትለኛለች፣ ሰዉ ተኛ ይለኛል። ልነሳ ስል "ኧረ በጌታ!" ብለው መልሰው ያጋድሙኛል። አምልጬ መንገድ ስወጣ ደግሞ የባጃጅ ልጆች መቆሚያ አሳጡኝ። "አባባ ኦይታ፣ ታመው በእግርዎ? ይግቡ እንጂ!" አንዱማ ደግፎ አስገብቶኝ በሬ ላይ አወረደኝ። ጌጤ "ዛሬ እንዴት ፈጠንክ!" ብላ አጨበጨበችልኝ። እኔም ጭብጨባውን ተቀበልኩ።

በኋላ ግን የቤተክርስቲያን ሰዎች ቤቱን በሞሉበት ቀን ተነስቼ አወጅኩ፦ "ከዛሬ ጀምሮ የሚጠይቀኝ እየሄደ ይጠይቀኝ፤ የሚጸልይልኝም እየተራመደ ይጸልይልኝ።" ቀዶ ጥገናው ጭንቅላቴንም የነካው መስሏቸው እርስ በርስ ተያዩ። አሁን ግን ፀሐይ ሳትበረታ ደጄ ላይ ቆመው የሚጠብቁኝ እነሱ ናቸው። የባጃጅ ልጆችም ያን ሁሉ ሰው ሲያዩ ጥሩምባ እየነፉ ያልፋሉ። ማዕዶት "እየሄዱ ማውራት ካቃትዎ ፍጥነትዎን ይቀንሱ" ብላኛለች፤ እኔ ደግሞ ማውራት አቅቶኝ አያውቅም። ዳምጤ ነው ጥላ ባየ ቁጥር እየቆመ "አንተ ሰውዬ፣ በሽተኛው ማነው?" የሚለኝ።

ሁሉም ተፈቅዶልኛል ብዬ አልዋሽሽም። ወደ ላይኛው ከተማ ወደ ሼቻ የሚወስደው ዳገት ገና ነው። ሳል ሲመጣ ትራስ ደረቴ ላይ አቅፌ ነው የምስለው። እናትሽ ጨውና ቅቤ ቀንሳ ሀለኮ በሀለኮ አድርጋኛለች፤ የሽፈራው ቅጠል በዝቶብኝ ፍየል ልሆን ነው። የደረቴ አጥንት እስኪጠና ሽመና ጉድጓድ አልወርድም፤ ቁጭ ብዬ ለዳምጤ ቀሰም ላይ ክር እጠቀልላለሁ። "ትልቁ ሸማኔ የልጆች ሥራ ተሰጠው" ብሎ ይስቅብኛል። ይሳቅ። ገላዬን ራሴ እታጠባለሁ፣ በጎኔ እተኛለሁ፣ ባለፈው እሁድም መዝሙሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ቆሜ ዘመርኩ። ከመታመሜ በፊት እንኳ ትንፋሼ አዝማቹ ላይ ነበር የሚያልቀው። እና ብትመጪ አልጋ ላይ የምታስታምሚው ሰው የለም፤ መንገድ ላይ ነኝ።

ደግሞም በመጨረሻው ቀጠሮ የልብ ሐኪሙ መነጽሩን አውልቆ "የልጅ ልጅዎ ትምህርቷን ጥላ ብትመጣ ለልብዎ ጥሩ አይደለም" ብሎ አስጠንቅቆኛል። የሐኪም ትእዛዝ ነው፣ እኔ የለሁበትም።

እናትሽ ጌጤ ሁለቱን ጉንጮችሽን ትስማለች። ዳምጤ "ለዚህ ሽማግሌ ልጓም ላኪልን" ይልሻል። ማዕዶት ሳታውቅሽ ሰላም ብላሻለች። ዕድላዊትን በጎኗ እንድትተኛ ንገሪያት፤ ለማንኮራፋት መድኃኒት ነው።

አያትሽ ኦይታ
አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ
ጥር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ከፈረምኩ በኋላ ጌጤ አንብባው "አባባ፣ ሐኪሙ ይህን መቼ አለ?" ብላ አፈጠጠችብኝ። እሺ፣ አላለም። አንቺ መኖርሽንም አያውቅም። ሌላው ሁሉ እውነት ነው። "አትምጪ" ያልኩሽ እኔ ነኝ፤ ለልቤ የሚሆነውን ደግሞ ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? ተመርቀሽ ነይ።