ጳጉሜን ስለ ተወለደችውና በጽሕፈት ቤትዎ ስለ ሞተችው እናቴ

ይድረስ ለተከበሩ የመሬት ይዞታ ምዝገባ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ። የእርስዎ፣ የቤተሰብዎ፣ በተለይም አምና በጭብጨባ የተቀበልነው የኮምፒውተርዎ ጤንነት እንዴት ሰነበተ? ከብልባላ በላይ ያለነው ሁላችንም ደህና ነን። እናቴ ወይዘሮ ባንችይርጋም፣ በጽሕፈት ቤትዎ ከሞተች ወዲህ ወገቧን ትንሽ ያማታል እንጂ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ናት።

ደብዳቤዬን በአደባባይ መለጠፌን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ። እናቴን ይዤ አንድ ጊዜ ካገኘሁዎ ወዲህ፣ በመጣሁ ቁጥር ስብሰባ ላይ ስለሆኑ፣ ምናልባት በገበያው በኩል ሲያልፉ ዓይንዎ ያርፍበት ይሆናል ብዬ ነው።

አስቀድሜ ላመስግን። ድሮ ጸሐፊ ሲያንቀላፋ የአንዱ ማሳ ለሌላው ይጻፍ ነበር። አሁን በኮምፒውተሩ ፎርም ላይ እያንዳንዱ ሣጥን ዘበኛ አለው፤ የማይሆን ነገር ሲጻፍበት ዙሪያውን ይቀላል፣ «አስቀምጥ» የሚለው ቁልፍም ደብዝዞ እምቢ ይላል። እኔም ላሊበላ ሆቴል ውስጥ እንግዳ መዝጋቢ ነኝና ጥቅሙን አውቀዋለሁ፤ እንግዳው ሳይመጣ ሄደ ብዬ ብጽፍ የእኛም ማሽን አይቀበለኝም። ዘበኛ ባለቤቱን ከቤቱ ካላባረረ ደግ ነገር ነው።

አንደኛው አቤቱታዬ ስለ ወሮቻችን ነው። እናቴ የተወለደችው ጳጉሜን ሦስት፣ በሩፋኤል ዕለት፣ ዝናቡ ጸበል ነው ተብሎ ሰው ሁሉ ደጅ ወጥቶ በሚታጠብበት ቀን ነው። ዓመቱን ትጠራጠር ይሆናል እንጂ ቀኑን አትጠራጠርም፤ የክርስትና ስሟም ወለተ ሩፋኤል ነው። የእርስዎ ኮምፒውተር ግን ዓመት አሥራ ሁለት ወር ብቻ እንዳለው አምኖ ከየት አገር እንደ መጣ እንጃለት። መዝጋቢዎ አቶ ምሥጋናው አሥራ ሦስተኛ ወር ብሎ በጻፈ ቁጥር ሣጥኑ እየቀላ መለሰው። ጨዋ ልጅ ነውና ነሐሴ ሠላሳ እንበለው ብሎ ለመናት። እሷም «ልጄ፣ የተወለድሁበትን ቀን ለሣጥን ብዬ ብክድ ሩፋኤልን በምን ዓይኔ አየዋለሁ?» አለችው።

ሁለተኛው ስለ አቶ ምሥጋናው ደግነት ነው። ውጭ ሰልፉ ረዝሟል፣ ግምገማው ደርሷል፣ ቀበሌው ደግሞ ተመዝግቦ ማለቅ አለበት። ሲነካካ መላ አገኘ፤ «ሁኔታ» በሚለው ሣጥን ላይ «በሕይወት የሌለች» ከተባለ የልደት ቀን አይጠየቅም። ነካው። ቀዩ ጠፋ፣ ቁልፉም በራ። ከሰዓት በኋላ አስተካክለዋለሁ ብሎ አስቀመጠው። እናቴም እፊቱ ቆማ፣ ጉዳዬ አለቀልኝ ብላ፣ ዕድሜ ይስጥህ ብላ መርቃው ወጣች።

ሦስተኛው ስለ ማሳዋ ነው። እንደ ተረዳሁት እነዚህ ሣጥኖች ከኋላ ካለው መዝገብ ጋር፣ መዝገቡም ከሌሎቹ ሣጥኖች ጋር የታሰሩ ናቸው፤ አንዱ ሲለወጥ ሌላው ሳይነኩት ይለወጣል። እናቴ በሞተችበት ቅጽበት የገብስ ማሳዋ በራሱ «ባለይዞታ የሌለው» ሆነ፤ ከዚያም ለተደራጁ ወጣቶች ወደሚታደለው መሬት ተሻገረ። የሟች መዝገብ ደግሞ ይቆለፋልና አቶ ምሥጋናው ከሰዓት በኋላ ሲመለስ አልከፈት አለው። ማንም አልሰረቀም፣ ማንም አልዋሸም። እኔንም ያስፈራኝ ይኸው ነው፤ ሌባ ቢሆን ኖሮ እንይዘው ነበር።

እናቴን ይዤ ቢሮዎ በመጣሁ ጊዜ፣ እርማት የሚጠይቀው ባለይዞታው ራሱ እንደሆነና የሟች ማመልከቻ እንደማይገባ በትዕግሥት አስረዱን። እኔ ግን እናቴ መሞቷን በምስክር ባረጋግጥ በወራሽነት ማሳውን ላድን እንደምችል መከሩኝ። ስለ ምክርዎ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እሷም አጠገቤ ቆማ ትሰማ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ደግሞ አልቆጠርሁትም፤ ቁጥር ደክሞኛል። ባለፈው ሳምንት በማሳው ዙሪያ ችካል ተተከለ። መሬቱ ከደረሳቸው ወጣቶች አንዱ የእናቴ የክርስትና ልጅ ነው፤ ጉልበቷን ስሞ የሚያልፍ ልጅ ዛሬ ሲያያት መንገድ ይቀይራል። የቀብር ማኅበራችን የቅሬው ዳኛ፣ ከወረዳ ጋር አልጣላም ብለው ከአባልነት ሰረዟት። ጎረቤት ስለ እሷ ሲያወራ «ነበረች» ማለት ጀምሯል። ታናሽ ወንድሜ ዱላውን ከራስጌው አያርቅም። ሰኔ ገብቷል፣ ሁለት ጥማድ በሬ በአንድ ማሳ ላይ የሚገናኝበት ቀን ሩቅ አይደለም። ያን ቀን የሚወድቀውን ሰው ኮምፒውተርዎ ያለ ምንም ቀይ ምልክት እንደሚቀበለው አልጠራጠርም።

የምለምንዎ ትልቅ ነገር አይደለም። አሥራ ሦስተኛዋን ወር ይፍቀዱልን፤ ያንን መዝገብም አንድ ጊዜ አስከፍተው፣ ሟቿን አጠገብዎ አስቀምጠው ይዩልን።

በመልካም አስተዳደርዎ ጥላ ሥር፣ እስከ ዛሬ ጧት ድረስ በሕይወት ካሉት ወገን ተመዝግቤ የምገኝ፣

ታዛዥዎ
የሻረግ ደሳለ
ላሊበላ፣ ሰኔ 2003 ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ ደብዳቤዬን ከጨረስሁ በኋላ ከመንደር ወሬ ደረሰኝ። እናቴ ችካሎቹን አንድ ሳታስቀር ነቅላ ለማገዶ ፈልጣቸዋለች፤ አሁንም ከማሳው መሐል ተቀምጣለች። የመንግሥት ንብረት ማጥፋት ከባድ ወንጀል ነውና ሳይውሉ ሳያድሩ እንዲከሷት በታላቅ ትሕትና እማጸናለሁ። ሙት ስለማይከሰስ ክሱን ለማስመዝገብ መጀመሪያ ነፍሷን መመለስ ይኖርብዎታል፤ እሷም ለእስር ቤት የሚሆን ጋቢዋን ይዛ ወጥታለች። ብቻ ፖሊሶችዎ ከወጣቶቹ ቀድመው ይድረሱ፤ ወንድሜ በሬዎቹን ጠምዶ ወደዚያው ሄዷል።