የወይዘሮ ሐና ፊርማ

ሰኞ፣ ግንቦት 1 ቀን 1975 ዓ.ም.

መሬት አይሸጥም። ዛሬ ያገኘሁት ሰው ሁሉ ይህንኑ ነገረኝ፤ የማላውቅ ይመስል። መሬቱ የመንግሥት ነው፣ እኔ የምገዛው በላዩ የቆመውን ቤት ነው። ሁለት ክፍል፣ የጭቃ ግድግዳ፣ ቆርቆሮ ክዳን፣ ከጓሮው እንሰት። ሻጩ አቶ ሻሜቦ ጡረታ የወጡ ዘበኛ ናቸው፤ ሞርሲቶ ያለው ልጃቸው ዘንድ ሊገቡ ነው።

ከትምህርት ቤት እንደወጣሁ ማዘጋጃ ቤት ሄድኩ። ውል የሚያየው ጸሐፊ ታግሦ ሰማኝ። ሌላ ቤት ያለው ሰው መግዛት ይችላል? አይችልም፤ ለአንድ ቤተሰብ አንድ ቤት ነው። ቤት እንደሌለኝ ማን ይመሰክርልኛል? ቀበሌ። መንግሥት ራሱ ቤቱን ቢፈልገውስ? ቅድሚያው የእሱ ስለሆነ መጀመሪያ ይጠየቃል፤ መልሱ ሳይመጣ ክፍያ የለም።

ቀጥሎ እሱ ጠየቀኝ። "ሻጩ ሚስት አላቸው?"

አሉ። የሚኖሩት አዲሎ ነው። ከተኳረፉ ቆይቷል፤ ግን አልተፋቱም።

"እንግዲያው ቤቱ የጋራ ነው። እሳቸውም እዚህ መጥተው ይፈርማሉ።"

ይህን አላሰብኩትም ነበር። ቢሆንም ይፈርማሉ፤ ለምን አይፈርሙም?

ማክሰኞ፣ ግንቦት 2

ቀበሌ። ሊቀመንበሩ ስብሰባ ላይ ነበር፤ በረንዳው ላይ የተማሪዎቼን ደብተር እያረምኩ ጠበቅሁት።

"ጓዲት ማርታ፣ ባል ሳይኖር ቤት ምን ያደርጋል?" አለኝ።

"አዋጁ ባል አምጪ ይላል?"

 ከዚያ አንጋጫ ያለው የእናቴ ቤት በማን ስም እንደሆነ ጠየቀ። በእናቴ ስም ነው፣ የሚኖሩበትም እሳቸው ናቸው። ዕድሜዬን፣ ደመወዜን፣ አሁን የምኖርበትን ክፍል ጠየቀ። ሁሉንም ሳልቸኩል መለስኩ። በመጨረሻ ማኅተሙን አነሣ። ቤት እንደሌለኝ ተመስክሮልኛል። ቤት የለሽ መሆኔ እንዲህ አስደስቶኝ አያውቅም።

ሐሙስ፣ ግንቦት 4

ዛሬ ነገሩ ተበላሸ።

አቶ ሻሜቦን ስለ ሚስታቸው ስነግራቸው ፊታቸው ተለወጠ። "ሐናን ተያት" አሉ። "እሷ አትመጣም። አንዲት ጎረቤት አለች፤ ሐና ነኝ ብላ በጣቷ አሻራ ትፈርማለች። ማን ያውቃል?"

"እኔ አውቃለሁ" አልኳቸው።

ተቆጡ። አንድ ነጋዴ ቤቱን እንደሚፈልገው፣ እሱ እንደኔ ጥያቄ እንደማያበዛ ነገሩኝ። እስከ መጪው ማክሰኞ ብቻ ይጠብቁኛል።

መንገዱን ሁሉ ሳስብ ሄድኩ። በተሰረቀ ስም ቤት ገብቼ እንቅልፍ ይወስደኛል? ሴትዮዋ አንድ ቀን መጥተው በሩን ቢያንኳኩ ምን እላቸዋለሁ? ደግሞስ ነጋዴውም ቢሆን ያለ እሳቸው ፊርማ የት ይደርሳል? ወደ አዲሎ እሄዳለሁ።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 6። አዲሎ።

በጭነት መኪና ጋቢና ተጭኜ መጣሁ። አቧራ ለብሻለሁ። ወይዘሮ ሐናን ማግኘት አልከበደኝም፤ ከመንገዱ ዳር ከእህታቸው ጋር በርበሬ ይነግዳሉ። ተቀምጠው በርበሬ ይቀነጥሱ ነበር። በከምባትኛ ሰላም ስላቸው ቀና አሉ። ለምን እንደመጣሁ ስነግራቸው ግን መልሰው ወደ በርበሬያቸው አቀረቀሩ።

"አልፈርምም።"

አልተከራከርኩም። አጠገባቸው ቁጭ ብዬ አብሬ መቀንጠስ ጀመርኩ። ጥቂት እንደቀነጠስን ራሳቸው አወሩ።

"ያን ግድግዳ የመረግሁት እኔ ነኝ። እሱ ዘበኛ ነበር፤ ቀን ይተኛል። ጭቃውን ያቦካሁት፣ ውኃውን የቀዳሁት እኔ። ለሰው ሲያወራ ግን 'ቤቴን ሠራሁ' ይላል። አንድ ቀን እንግዳ ፊት 'ሠራን በል' አልኩት። ሳቀብኝ። በዚያው ወጣሁ።"

"እንዳይሸጥ ነው የሚፈልጉት?"

"ይሸጥ። እኔ ተመልሼ አልገባበትም። ግን እኔ እንደሌለሁ ሆኖ አይሸጥም።"

የጎረቤቷን ነገር ልደብቃቸው አልቻልኩም፤ ነገርኳቸው። እጃቸው ቆመ። "በእኔ ስም ጣት?" አሉ። "እኔ እኮ መሠረተ ትምህርት ጨርሻለሁ። ስሜን እጽፋለሁ።"

ከዚያ የሚፈልጉትን ነገሩኝ። ድርሻቸውን በእጃቸው መቀበል። የጓሮው እንሰት የደረሰውን ፍቀው መውሰድ፤ የተከሉት እሳቸው ናቸው። ሦስተኛው ደግሞ ሻሜቦ በጸሐፊው ፊት ቤቱን ማን እንደሠራው እንዲናገር። ሁለቱን እሺ አልኩ። ሦስተኛው በእኔ እጅ እንዳልሆነ በግልጽ ነገርኳቸው።

"አንቺስ አልዋሸሽኝም" አሉ። "እመጣለሁ።"

እዚሁ አደርኩ።

እሑድ፣ ግንቦት 7

ተመለስኩ። መንግሥት የዘጋው ቤተ ክርስቲያን ገና ስላልተከፈተ ጸሎት በሰው ቤት ነበር፤ መጨረሻው ላይ ደረስኩ። ከዚያ አቶ ሻሜቦ ዘንድ። ሁሉንም ነገርኳቸው፣ ሦስተኛውንም። አልተቆጡም። "ደህና ናት?" ብቻ አሉ። ደህና ናቸው አልኩ። ሌላ አልጠየቁም፤ እሺም እምቢም አላሉም።

ነጋዴው እውነት ይኑር አይኑር አሁንም አላውቅም።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 9

ወይዘሮ ሐና መጡ። ንጹሕ ነጠላ ለብሰው። ማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ ሁለቱ ሳይነጋገሩ አንድ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ፤ እኔ መሐላቸው።

ጸሐፊው ውሉን አነበበ። "ሻጭ አቶ ሻሜቦ፣ ራሳቸው የሠሩትን ቤት" ሲል አቶ ሻሜቦ እጃቸውን አነሡ።

"የሠራነውን በል" አሉ። ደግሞም ጨመሩ፦ "ግድግዳው የእሷ ነው።"

ጸሐፊው ግራ ተጋብቶ አየኝ። ራሴን ነቀነቅሁ። ሰርዞ ጻፈ። ወይዘሮ ሐና ብዕሩን ተቀብለው ስማቸውን በትልልቅ ፊደል፣ ሳይቸኩሉ ጻፉ። ሁላችንም ጠበቅናቸው።

ወረቀቱ አሁን ወደ በላይ መሥሪያ ቤት ይሄዳል። መንግሥት አልፈልገውም ካለ ቤቱ የእኔ ነው። ጸሐፊው እሱ ባለበት ዘመን መንግሥት በዚህ ከተማ እንዲህ ዓይነት ቤት ፈልጎ እንደማያውቅ ነገረኝ። ቃል አልገባልኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም።

ስንወጣ አቶ ሻሜቦ ወደ ኋላ ቀርተው ጠሩኝ።

"ከመኝታ ክፍሉ በላይ ጣሪያው ያፈሳል" አሉ፣ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው። "ሰሞኑን ስላልዘነበ አልታየሽም። ልነግርሽ አላሰብኩም ነበር።"

አመሰገንኳቸው። ወደ ሰማይ አየሁ። ደመናው እየከበደ ነው። ክረምቱ ሳይገባ መልሱ ከመጣ እኔ ራሴ ጣሪያው ላይ ወጥቼ እደፍነዋለሁ።