ልጃችን የቆረጠችው በር

ተስፍዬ፣ የቤቴ ምሰሶ፣

ከተለየኸኝ ሁለተኛው ክረምት አለፈ። ቂርቆስ ያለው ብየዳ ቤትህ አልተዘጋም፤ ቁልፉ ልጃችን ሰላም ጋ ነው። አሥራ ሁለተኛን ስትጨርስ ዘመድ ሁሉ ቢሮ የሚያስቀምጥ ትምህርት ተማሪ አላት። እሷ ግን ቴክኒክና ሙያ ገብታ ብየዳ ተማረች። እህትህ፣ ሴት ልጅ እሳት ፊት ምን ትሠራለች ብላ ስንት ጊዜ አኮረፈችን። አሁን የግቢዋ በር ሲያስቸግራት የምትደውለው ለሰላም ነው።

የምጽፍልህ ግን ግንቦት ላይ ስላየሁት ነገር ነው። ከጓሯችን ያሉት እማማ የሺ አንድ ጠዋት ቤታቸው ውስጥ ብቻቸውን ወደቁ። አንተ የሠራህላቸው የብረት በር ከውስጥ ተቀርቅሯል፣ መስኮቱም ፍርግርግ ነው። የሰፈሩ ጎረምሶች በትከሻ ቢገፉት፣ በእግር ቢመቱት፣ ወይ ፍንክች። መጀመሪያ ሲያቃስቱ ይሰማ ነበር፤ ቆይቶ ድምፃቸው እየደከመ ሄደ። ለሰላም ደወልኩላት።

ሰላም ብረት መቁረጫዋን ይዛ እየሮጠች ደረሰች። ሰዉን ዞር አድርጋ በመስኮቱ በኩል፣ "እማማ፣ ፊትዎን በነጠላዎ ይሸፍኑ፣ እኔ አለሁ" አለቻቸው። ከዚያ በሩን በመዳፏ ዳበሰችው።

"የአባዬ እጅ ነው" አለችኝ፤ "በማጠፊያው በኩል አይሞከርም።"

መቀርቀሪያው የሚያርፍበትን ቦታ በጣቷ ለክታ ጀመረች። ብልጭታው ሲረጭ ሁላችንም ሸሸን። የእሷ እጅ ግን ውልፍት አላለም። እኔ የወለድኳት ልጅ መሆኗን ረስቼ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። በሩ ተከፈተ። ጎረምሶቹ እማማን በጋቢ ተሸክመው ሐኪም ቤት አደረሷቸው። ዳሌያቸው ተሰብሮ ነበር፤ ይኸው ዛሬ በምርኩዝ ቤተ ክርስቲያን ይሳለማሉ።

በማግስቱ በሩን መልሳ በየደችው። ሄጄ ጣቴን አስኬድኩበት፤ ያንተ ሥራ የት አልቆ የእሷ የት እንደጀመረ መለየት አቃተኝ። ተስፍዬ፣ ዕድሜዬን ሙሉ በበር ስወጣ ስገባ፣ በር የሰው እጅ ሥራ መሆኑን አስቤው አላውቅም። አሁን ወደ ባምቢስ ሰፈር ስወርድ የየሕንጻውን በረንዳና ደረጃ ቀና ብዬ አያለሁ፤ ማን እዚያ ላይ ቆሞ በየደው እላለሁ። ካዛንቺስ ከሚሠሩት ፎቆች በአንዱ የደረጃውን ብረት የምትሠራው ሰላም ናት። ቀና ብዬ ሳያት አንገቴን ያመኛል፣ ግን ዓይኔን መንቀል አልችልም።

እግዜር የልጅ ልጅ ከሰጠን እጁን ይዤ በሰፈሩ አዞረዋለሁ። ይሄን አያትህ ሠራው፣ ያንን እናትህ ሠራችው እያልኩ በሩን ሁሉ አስነካዋለሁ።

ያንተዋ ብርቱካን