ሳይለካ ድስት የገባው ቀረሶ

ሰኞ፣ ጥር 17 ቀን 2002

ዛሬም ትልልቁ ብቻ። ጀልባው ግማሹ ባዶ ሆኖ ይመጣል፣ ያለው ቀረሶ ዓሣ ግን አንዱ ካንዱ የሚያምር ነው። እንዴት ነው ነገሩ? ለካሁ፣ መዘንኩ፣ ጻፍኩ። የተከዜ ግድብ ዓሣ ከዓመት ዓመት መጨመር መቀነሱ የሚታወቀው በዚህ ነው ተብዬ የለ! የሰቆጣው የዓሣ ባለሙያ ባለፈው ወረቀቴን ሲያይ ፊቱ በራ። ዓሣው እያደገ ነው አለኝ። ቅዳሜ ይመለሳል። ለእኔ ግን አልዋጥልኝ አለ። አጥማጁን ልጄን ደሳለኝን ብጠይቀው፣ አንቺ የመጣልሽን ለኪ ብሎ መረቡን መጠገኑን ቀጠለ።

ማክሰኞ፣ ጥር 18

ሙቀቱ ሊገድለኝ ነው። የሰቆጣ ብርድ ናፈቀኝ። ሚዛኑም አንዴ ይሠራል፣ አንዴ ይለግማል፤ በጥፊ ስለው ይነሳል።

ምሳ እንደ ወትሮው ከአጥማጆቹ ድስት በላሁ። መቼም ደጎች ናቸው፣ ሳያበሉኝ አይውሉም። እሾሁ ግን አስለቀሰኝ። የማኅበሩ አለቃ አያ ንጉሤ፣ ከእሾሁ ከተጣላሽ ሥጋውን ለእኛ ተይው እያለ አሳቀብኝ።

ደሳለኝን ከዐረብ አገር መንገድ ለምኜ ነው ያስቀረሁት። ለጉዞ በያዘው ብር መረብ ገዛ። ይሄ ውሃ ዓሣ ካጣ ልጄን በምን እይዘዋለሁ?

ረቡዕ፣ ጥር 19

ጾም ስለሆነ ድስት አልተጣደም። እጄን ልታጠብ ወደ ጀልባው ወረድ ስል እርጥብ ጆንያ አየሁ። ገለጥ አደረግኩት። መዳፍ የማይሞሉ ቀረሶዎች! ገና የሚንፈራገጡም አሉ።

ለካ ትንንሹ ሁሌም ይያዛል። እኔ ዘንድ ሳይደርስ ድስት ይገባል፣ እኔም ቁጭ ብዬ እበላዋለሁ። ዛሬ ድስት ስለሌለ ነው ጆንያ ውስጥ የቀረው። የዚያ ሁሉ እሾህ ነገር አሁን ገባኝ።

ደሳለኝን ጠራሁት። መሬት መሬት አየ።

«እማ፣ የመረባችን ዓይን ከተፈቀደው የጠበበ መሆኑን ካወቁ ይወስዱታል። ከዚያ ወዴት ልሂድ?»

ተናድጄ፣ እንባዬም መጥቶ፣ ጥዬው ሄድኩ።

ሐሙስ፣ ጥር 20

ትንሹን ሳልለካ ከድስታችሁ አልቀምስም አልኳቸው። አያ ንጉሤ ኮስተር አለ።

«እታለም፣ የልጅሽን እንጀራ በገዛ እጅሽ ልትዘጊ ነው?»

«ዓሣው አደገ እየተባለ ትንሹን ከጨረሳችሁት ያኔ ነው የሚዘጋው» አልኩት።

ጦሜን ዋልኩ። ሰዓቱ ገፍቶ ደሳለኝ ለወጥ የተለየውን ትንንሽ ዓሣ ጎትቶ መጣና መለኪያ ጣውላዬ ላይ ደፋው።

«ለኪ፣ ሳይቀረፍ» አለኝ፣ ሳያየኝ።

ለካሁ። አያ ንጉሤ ራቅ ብሎ ቆሞ ያያል፤ ግን አልከለከለም። ወጡ ዘገየ፣ ሁሉም በረሃብ አጉረመረመ።

ነገ አስተርዮ ስለሆነ ዛሬውኑ ወደ ሰቆጣ እየወጣሁ ነው፤ ይህን የምጽፈው መኪና ውስጥ ነው። ቅዳሜ ከባለሙያው ጋር ስመለስ እስከዛሬ የጻፍኩት ግማሹ ብቻ መሆኑን እነግረዋለሁ። መረቡን ከመውሰድ ሰፋ ባለው ለውጡላቸው ብዬም እለምነዋለሁ። ይስማኝ አይስማኝ እንጃ። እኔንም ከሥራ ያባርረኝ እንደሆን እንጃ።

ደሳለኝ እስከ መኪናው ሸኘኝ። ስለ መረቡ አላነሳም። ቅዳሜ ትመጫለሽ አይደል ብቻ አለኝ። ዞር ብዬ ሳይ ጣውላዬን አጥቦ ጥላ ሥር አቁሞታል።