ወደ ውስጥ የምትሳበዋ «አዎ»

ናይሮቢ፣ ኪሊማኒ

ለሚዜዬ፦

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንደምን ከርመሃል? ጉልበትህስ? ዘንድሮም ከደሴ ብርድ ጋር አልታረቀችም አሉ። የፊት ጥርሶችህ እንደተሰናበቱህ ሰምቼ ሳቅሁ፤ አትቀየመኝ፣ የኔዎቹ ቀድመው ስለሄዱ የምስቀው በተገዙት ነው። ልጆችህ፣ ላሞችህ፣ ያቺ እንግዳ የማትወድ ውሻህ ደኅና ናቸው? እኔ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነኝ። ደኅና አይደለህም የሚሉኝ ሰዎችና ዕቃዎች ግን በዝተዋል።

ስልክ እያለ ወረቀት ምን አመጣው እንዳትለኝ። እዚህ ቤት በስልክ የሚወራው እንደ ገበያ አዋጅ ነው፤ ድምፁ ተከፍቶ፣ ሁሉም እየሰማ። ካንተ ጋር ባወራሁ ቁጥር ልጄ ኑሬ በአንድ ጎን፣ ምራቴ ቀመሪያ በሌላ ጎን ገብተው ጨዋታችንን ይሻሙናል። የዛሬው ጨዋታ ግን ላንተ ብቻ ነው። ሱፍዋን የሚባል፣ ኢስሊ በሚሉት የገበያ ሰፈር የሚነግድ ሰው በሞያሌ በኩል ይዞልህ ይመጣል። አንብበህ ስታበቃ ምድጃ ውስጥ ክተተው።

ወሬው ይህ ነው፦ ልመጣ ነው። አረፋን አብረን እናከብራለን፣ ኢንሻአላህ። ግን እንዲህ በቀላሉ የተገኘ መንገድ እንዳይመስልህ፤ ሩንዳ የሚባል ሰፈር በሕይወት እያለሁ ተቀብሬ ልቀር ነበር።

አስቀድሜ ዘመናዊ ስለሚሉት ኑሮ ልንገርህና ሆድህን ይዘህ ሳቅ። ያለነው ስድስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍቱ ይናገራል። በሩ ሲከፈት «በሩ እየተከፈተ ነው» ይለኛል። በዓይኔ ያየሁትን የሚነግረኝ ዕቃ! ድሮ ይህን ሥራ የሚሠራው የባለሥልጣን አሽቃባጭ ነበር፤ እሱስ ቢያንስ ደመወዝ ይበላል። እውነቱን ካልሸሸግሁ ሲሠራ እወደዋለሁ። መብራት ሲጠፋ ግን አፉም እግሩም ይያዛል፤ ያኔ በደረጃ ነው። በየፎቁ መስኮት አጠገብ ቆም እያልኩ ከተማውን አያለሁ። ናይሮቢ ብዙ የሚታይ ነገር አላት።

ከሕንጻው ሥር የሐበሻ ምግብ ቤት አለ። ቀመሪያ ከዚያ ምግብ ስታዝ በሞተር ይመጣል። ሞተረኛው ከዚያው በር ተነስቶ፣ ሕንጻውን ዞሮ፣ በዚያው በር ይገባል። «ምነው ልጄ፣ ወርጄ ላምጣው» ብላት «አይ አባባ፣ ይተዉት፣ አፑ ይሻላል» አለችኝ። አፕ ማለት እግር ያለውን ሰው እግር የሚያሳጣ፣ ለዚያም ዋጋ የሚያስከፍል ጠንቋይ ነው።

የሕንጻው ሰዎች ደግሞ በስልክ ማኅበር አላቸው፤ ግሩፕ ይሉታል። ሊፍት ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀው ሰላም የማይባባሉ ሰዎች እዚያ ውስጥ ቀይ ልብ ይላላካሉ። ባለፈው ከኛ በላይ የሚኖር አንድ ኬንያዊ ሽማግሌ ሞተ። «ልቅሶ ደረስክ?» ብለው ኑሬ «ልኬያለሁ አባዬ» አለኝ። ምን እንደላከ ስጠይቀው የተጣመሩ ሁለት እጆች ሥዕል አሳየኝ። ጉድ እኮ ነው! ሬሳ የሚያነሣው እጅ እንጂ የእጅ ሥዕል ነው እንዴ? ወጥቼ እቤታቸው ተቀመጥኩ። ባልቴቷ ሱዋሂሊ እንጂ ሌላ አታውቅም፤ እኔ ደግሞ ከሱዋሂሊ የማውቀው «ፖሌ» የምትለዋን ነው፣ አይዞሽ እንደ ማለት። እሷኑ እያመላለስኩ አልኳት። ሻይ አቀረበችልኝ። ከዚያ ሁሉ ቀይ ልብ አንድም ሰው በሩን አላንኳኳም።

ኑሬ ለዒድ የገዛልኝ ሰዓትም አለልህ። ሰዓት አይበሉት፤ አማት ነው። ስቀመጥ «ተነሥ» ይላል፣ ስነሣ «ተንፍስ» ይላል። ተንፍስ! ከእናቴ ሆድ ስወጣ ጀምሮ ያለ መካሪ ስተነፍስ የኖርኩትን ሰውዬ! ይባስ ብሎ የልቤን አመታት ለኑሬ ስልክ ያሳብቅብኛል። ሲመረኝ ፈትቼ ለበር ጠባቂያችን አሰርኩለት፤ ግቢውን ሲዞር የሚያድር ብርቱ ሰው ነው። በማግሥቱ ኑሬ ፊቱ በርቶ «ማሻአላህ አባዬ፣ ልብህ የጎረምሳ ነው!» አለኝ። ጥቂት ቆይቶ ግንባሩን ቋጠረ፤ «ግን ሌሊቱን ሙሉ የት ስትዞር ነው ያደርከው?» «ሚስት ፍለጋ» አልኩት።

እንግዲህ ወደ ነገሩ። ደሴ ልሂድ ስላቸው «መጀመሪያ ሐኪም ይይህ» አሉ። እዚህ ወደ ሐኪም አይኬድም፤ ሐኪም በስልክ መስታወት ውስጥ ብቅ ትላለች። ፈገግታዋ የሚያምር ኬንያዊት ናት። አስተርጓሚዬ የልጅ ልጄ ሂዳያ ነበረች፤ ያቺ እዚሁ የተወለደችው፣ በአማርኛ ጀምራ በእንግሊዝኛ አቋርጣ በሱዋሂሊ የምትጨርሰው። ዶክተሯ ትጠይቃለች፣ ሂዳያ ትተረጉማለች፣ እኔም እንደ ጨዋ ሰው እመልሳለሁ። እንዴት እንደምንመልስ ታውቃለህ፤ ትንፋሻችንን ወደ ውስጥ ሳብ አድርገን፦ «ህእ»። አፍ ሳይደክም የምትባለዋ «አዎ»። ሰው ሲያወራንም «እየሰማሁህ ነው፣ ቀጥል» የምንልባት።

«ከልጅዎ ጋር ነው የሚኖሩት?» ህእ። «ኢትዮጵያ ሊሄዱ አስበዋል?» ህእ። እዚህ ላይ ፈገግታዋ ጠፋ። ፊቷን ወደ መስታወቱ አስጠግታ «ደረትዎን ያምዎታል?» አለች። ጥያቄው ገብቶኛል፣ ላስብበት ለማለት፦ ህእ። «ትንፋሽ ያጥርዎታል?» ህእ። ሴትዮዋ ከወንበሯ ብድግ! «አይናገሩ! አይንቀሳቀሱ!» ስትል እኔ ደግሞ በደንብ መስማቴን እንድታውቅልኝ አከታትዬ፦ ህእ፣ ህእ፣ ህእ!

አምቡላንስ እየጮኸ መጣ። ለሟቹ ያልወጡት ጎረቤቶች ለጩኸቱ ግልብጥ ብለው ወጡ፣ ስልካቸውን ወደ እኔ ደግነው። ተሸካሚ አልጋ ላይ ተጋድሜ እንደ ሹም እጄን እያውለበለብኩ ሰላም አልኳቸው። ሆስፒታል አሳደሩኝ። ወረቀቴ ላይ «መናገር እስኪያቅተው ትንፋሽ የሚያጥረው» ተብሎ ተጻፈ። እኔ! በወሬ አንተን እንኳ የማስተኛው ሰው!

ከዚያ ወዲያ ደሴ ቀረ። ኑሬ «አባዬ፣ መንገድ ላይ አንድ ነገር ብትሆንብኝ ምን ይውጠኛል?» ብሎ አለቀሰ። ልጄ ክፉ አይደለም፤ ፍርሃቱንም በገንዘብ ማብረድ ለምዶ ነው። ሩንዳ ውስጥ ሽማግሌ የሚያሳድሩበት ቤት አለ፤ ነርሱ ከጎንህ አይለይም ብሎ ወስዶ አሳየኝ። ሣሩ እንደ ምንጣፍ ተከርክሟል። ሽማግሌዎቹ በየወንበራቸው እንደ ታጠበ ልብስ ፀሐይ ላይ ተሰጥተዋል። ኃላፊዋ ምን መጫወት እንደምወድ በሂዳያ በኩል አስጠየቀችኝ። «ሰው ማማት» አልኳት። ሂዳያ ይህን አልተረጎመችውም።

ሚዜዬ፣ እዚህ ጋ ቀልዴን ላስቀምጠው። እዚያ ግቢ ቆሜ ያሰብኩት አንድ ነገር ነው፦ የሞት ጭንቅ ቢመጣብኝ ሸሃዳ የሚያስይዘኝ ማን ነው? «ውሃ» ብል የሚሰማኝ ማን ነው? መድኃኒቱ በሰዓቱ ይሰጠኛል፣ አልጋው በቁልፍ ከፍ ዝቅ ይላል፤ እኔ ግን እንደዚያ ሽማግሌ በሥዕል እጅ እሸኛለሁ። ኑሬ በወሩ መጨረሻ ትገባለህ ብሎኝ ነበር።

ያዳነችኝ ሂዳያ ናት። አንድ ቀን ቀመሪያ ከእናቷ ጋር በስልክ ታወራለች። ማለት እናቷ ታወራለች፣ ቀመሪያ ህእ፣ ህእ ትላለች። ሂዳያ ከሶፋው ዘላ ተነሣች፦ «ኦ ማይ ጎድ! ማማ! አባባ አልታመመም፤ የስ እያለ ነበር!» ቀመሪያ «ምን ትላለች ይቺ?» ብላ ተቆጣች። ልጅቷም እናቷን ያዘቻት፦ «ስምሽ ቀመሪያ ነው?» «ህእ።» «አየሽ!»

ሁላችንም በአካል ሐኪሟ ዘንድ ሄድን። ሂዳያ አስረዳቻት። ሐኪሟ አላመነችም፤ ወደ ኑሬ ዞራ «እውነት ነው?» ብትለው፣ ያ ትልቅ ነጋዴ፣ ህእ! ሴትዮዋ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። እሷም ሞከረችው፤ ለጀማሪ ጥሩ ሳበችው። ቢሆንም ጠንቃቃ ናት፤ ኮሪደሩን እስከ ጫፍ ሄደህ፣ እዚያ ያለችውን ደረጃ ወጥተህ ውረድ አለችኝ። ቀጥ ብዬ ሄድኩ። ወጣሁ፣ ወረድኩ፣ ተመልሼ ፊቷ ቆምኩ። «ደኅና ነዎት?» አለች። አፌን ከፈትኩ።

ህእ።

ትንሽ ቆየሁና ደግሞ፦ ህእ።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ኑሬ ጭኑን መታ። ቀመሪያ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። ሐኪሟም «ህእ!» ብላ መለሰችልኝና መሄድ ይችላል ብላ ፈረመች። የቀረውን ምርመራ ሲመለሱ አለች። እኔም ሳቅሁ፤ የኔ ሳቅ ግን ትንሽ ዘግይቶ መጣ።

ሂዳያ አልሳቀችም። ቤት ስንደርስ መብራት የለም፣ ሊፍቱ አፉ ተይዟል። ኑሬና ቀመሪያ ቀድመው ወጡ፤ እሷ ከኔ ጋር ቀረች። የመጀመሪያው መስኮት ጋ ስቆም ቆመች። ሁለተኛው ጋ ስቆም ቆመች። ከዚያ ቀስ ብላ «አባባ፣ የመጨረሻዋ... እዚያ ሐኪሟ ጋ ያልካት... አዎ ነበረች?» አለችኝ። መንገዱን አየሁ፤ ማታቱ የሚሏቸው ታክሲዎች ዘፈናቸውን ለቀው ይጋፋሉ። «ህእ» አልኳት። ፊቴን ትክ ብላ አየች። የትኛዋ ናት ብላ አልጠየቀችኝም። ክንዴን ያዘችና «ቪው አሪፍ ነው» አለች። እኔን እስኪበቃኝ ድረስ አብራኝ ከተማ አየች።

ይህን ዘመን አሁንም እንደናቅሁት ነኝ፤ ንቀቴን ይዤ ነው የምመጣው። ላንተ ግን አልዋሽም፦ መስታወት ውስጥ ያለችው ሴት በተሳሳተ መንገድ መጥታ ትክክለኛው ደጃፍ ላይ ቆማ ነበር። እኛ ነን በሳቅ የመለስናት። ቢጠሯት ተመልሳ ትመጣለች፤ መድኃኒትም አላት ይሆናል። ከመድኃኒቷ ጋር የሚመጣው ግን ሩንዳ ነው። እኔ ደግሞ መርጫለሁ።

እንግዲህ አደራዬን ስማ። ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ በመኪና ተቀበለኝ፣ በሩ ድረስ። መጀመሪያ ልምጣ ባልኩ ጊዜ ሰገነት ያለውን ላይኛውን ክፍል አዘጋጀሁልህ ብለህ ልከህልኝ ነበር፤ ለሌላ እንግዳ ይሁን፣ ለኔ ከበረንዳው አጠገብ ያለችው ጠባቧ ትበቃኛለች። ኑሬ ሲደውል «ከኔ በላይ ይበላል፣ ከኔ በላይ ይሳደባል» በለው፤ ሁለተኛው እውነት ስለሆነ አንደኛውን ያምንሃል። መስጊድ ስንሄድ ቁልቁለቱን ደኅና ነኝ። ስንመለስ ግን ዳገቱ ላይ በየአጥሩ ቆም በልና ጉልበትህን ያዝ። እያቃሰትክ ያዘው። ሰው «ምን ሆናችሁ?» ቢል ያመመህ አንተ ነህ፤ እኔ የምጠብቅህ ነኝ። አውቃለሁ፣ ለኩሩ ሰው ይከብዳል። ግን በሠርጌ አማቶቼ ፊት «ይህ ልጅ ቁጣ የሚባል አያውቅም» ብለህ የማልክልኝ አንተ ነህ። ሚዜነት ሠርጉ ሲያልቅ ያልቃል ያለህ ማን ነው?

አላህ ጉልበትህን ለሁለታችን የሚበቃ ያድርገው። ደጅህን ሰው አያሳጣው፣ ለልጆችህ ካንተ በላይ ጥርስ ይስጣቸው። በሰላም ያገናኘን፣ የምንለያይበትንም ቀን ቋንቋዬን በሚሰማ ሰው ፊት ያድርግልኝ። አሚን በል፤ ጮክ ብለህ።

ያረጀው ሙሽራህ